ከጥቅምት እስከ መስከረም፦ የሮማውያን ምሽግና ሙዚየም ለአንድ ዓመት የሚመራበት መንገድ

በ1973 ማርች ወር ሮቢን በርሊ የተባለ እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት በሰሜን እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ፣ ቪንዶላንዳ በሚባለው የሮማውያን ምሽግ ሲቆፍር ከጭቃው ውስጥ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ የሳሱ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ቁርጥራጮች አገኘ። ሲያላቅቃቸው በውስጣቸው በቀለም የተጻፈ ነገር አየ። ደረም ከተማ ወደሚኖር የጥንታዊ ጽሑፍ ሊቅ ይዟቸው ሄደ። እዚያ ደርሶ መጠቅለያው ሲፈታ ግን እንጨቱ ጠቁሮ ጽሑፉ ጠፍቶ ነበር። ምድር ወደ 1900 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የያዘችውን አየር በአጭር ጊዜ ነጠቀ።

ጽሑፉን በኋላ ያዳነው ኒውካስል ውስጥ የተነሣ የኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ ነው። ቀለሙ የተሠራው ከጥላሸት፣ ከሙጫና ከውኃ ስለ ነበር ዓይን ያጣውን ካሜራው አገኘው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለማቸውን ከምን እንደሚያዘጋጁ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይገርመውም። ከዚያ ወዲህ በዚያው ስፍራ ከ1000 በላይ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ወጥተዋል።

በሮማውያን ቅርስ ላይ በመጋዘንም በሜዳም ሠርቻለሁ፤ አዲስ ሰው ሥራ ሲጀምር ሁልጊዜ የምነግረው ይህንን ታሪክ ነው። ቆፍሮ ማውጣት የዓመቱ ትንሹ ሥራ ነው። የወጣውን ማኖርና ያልወጣውን ባለበት መጠበቅ ነው ትልቁ። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው። ምሳሌዬ ቪንዶላንዳ ነው፤ ምክንያቱም ቦታውን የሚያስተዳድረው በ1970 የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ሕይወቱም በአብዛኛው የተመሠረተው ጎብኚ በሚከፍለው ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ ትኬት፣ ቁፋሮ፣ ጥገናና ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደሚተሳሰሩ በግልጽ ይታይበታል። ዓመታቱንና ወራቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሰዓቱን ግን በእኛ። በጋና ክረምት ስልም የዚያን አገር ማለቴ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የምትጠብቁት ምን እንደሆነ እወቁ

ብዙ ሰው የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን በሰሜን እንግሊዝ ያሠራውን ግንብና ምሽጎቹን አንድ ጊዜ የተሠሩ አድርጎ ያስባል። ግንቡ የተጀመረው በ122 ዓ.ም. ነው፤ ከባሕር እስከ ባሕር 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ዩኔስኮም በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቪንዶላንዳ ግን ከግንቡ ይቀድማል። የመጀመሪያው ምሽግ የተሠራው በ85 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን እርሱን ጨምሮ አንዱ በአንዱ ላይ ዘጠኝ ምሽጎች ተሠርተዋል። አንድ ጦር ሰፈሩን ለቅቆ ሲሄድ የእንጨት ቤቶቹን ያፈርሳል፤ የሚተካው ደግሞ ፍርስራሹን በሸክላ አፈርና በሣርማ አፈር ደፍኖ ከላዩ ይሠራል። ድፍኑ አየር አላስገባም። አየር በሌለበት ደግሞ የሚያበሰብሱት ተዋሕስያን አይሠሩም። ለዚህ ነው ቆዳው፣ እንጨቱና ጨርቁ የቆየው፤ ከ5000 የሚበልጡ ጫማዎችም ከዚህ ጭቃ ወጥተዋል።

ስለዚህ በአንድ ቦታ ላይ ያላችሁ ሁለት ቅርስ ነው። ከላይ ጎብኚ የሚያየው የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ከሥር ማንም የማያየው እንጨትና ቆዳ አለ። ፍላጎታቸውም ይጋጫል፤ ድንጋዩ መድረቅ ይፈልጋል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት መርጠብ። ለጎብኚ ጫማ ብላችሁ የምትቆፍሩት የውኃ መውረጃ ቦይ ከሥር ያለውን መዝገብ ሊያደርቅባችሁ ይችላል። ከቪንዶላንዳ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ምዕራብ በሚገኘው ማግና በተባለው ምሽግ ዙሪያ ያለው ረግረግ እየደረቀ በመምጣቱ ነው በ2023 የአምስት ዓመት የምርምርና የቁፋሮ ሥራ የተጀመረው። ተቀብሮ ያለው ሳይታይ እንዳይጠፋ ማለት ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው፦ የቦታውን ካርታ አውጡና ከሥሩ እርጥብ አፈር እንዳለ የምታውቁበትን ክፍል ሁሉ አቅልሙ። በዚያ ክልል ውስጥ ቀጫጭን የመለኪያ ቧንቧዎችን በባለሙያ አስተክሉ። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የውኃውን ከፍታ፣ የአሲድነቱን መጠንና በውስጡ የሟሟውን ኦክስጅን መዝግቡ። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ቦይ፣ መንገድ፣ የመጸዳጃ ቤት መስመር ወይም ዛፍ የሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ያንን መዝገብ ሳያይ አይወሰን።

ኦክቶበርና ኖቬምበር፦ ዓመቱን እዚህ ጀምሩ

የእንዲህ ያለ ቦታ ዓመት ከጃንዋሪ አይጀምርም። የሚገጥመው ከእኛ አቆጣጠር ጋር ነው፤ የእኛ ክረምት አልፎ፣ ቁፋሮው ተዘግቶ፣ አዲሱ ዓመት በመስከረምና በጥቅምት ይጀመራል።

በጀቱን ስትሠሩ ከመጨረሻው ተነሡ። በሚቀጥለው በጋ ስንት ሳምንት እንቆፍራለን ብላችሁ አትጀምሩ። መጋዘናችን ውስጥ ስንት ባዶ መደርደሪያ አለ? ማቀዝቀዣው ስንት እርጥብ ሳጥን ይይዛል? የቅርስ ጥገና ባለሙያዋ ያልጨረሰችው ስንት ነው? መልሱ የቁፋሮውን ስፋት ይወስነው። የእኔ ልማድ ለአንድ የቁፋሮ ቀን ቢያንስ ሦስት የጥበቃና የምዝገባ ቀን ማስላት ነው፤ እርጥብ አፈር ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ይህንን ሒሳብ ለቦርድ ማቅረብ አያስደስትም፤ ሰው ሁሉ መስማት የሚፈልገው ስለ አዲስ ግኝት ነው። ቢሆንም ቁጥሩን ይዛችሁ ግቡ።

በገቢው በኩል በብሪታንያ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆናችሁ ጊፍት ኤይድ የሚባለውን አሠራር ከመጀመሪያው ቀን አዘጋጁ። ግብር ከፋይ የሆነ ሰው በስጦታ ከሰጠው ከእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ሳንቲም ይመልስላችኋል። በመግቢያ ክፍያ ላይ የሚሠራው ግን በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ትኬቱ ለዓመት ያህል የሚያስገባ መሆን አለበት፣ ወይ ጎብኚው ከዋጋው በላይ ቢያንስ አሥር በመቶ መለገስ አለበት። ይህንን ትኬት ቆራጩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻለ ገንዘቡ በየቀኑ በበሩ ይወጣል። ስለዚህ አስተምሩት፣ አለማምዱት።

ለሠራተኛ ምደባ ከሮማውያኑ የተሻለ አርአያ አላገኘሁም። ከቪንዶላንዳ ጽሑፎች አንዱ የቱንግሪያውያን አንደኛ ክፍለ ጦር ሜይ 18 ቀን ያደረገው ቆጠራ ነው። ጠቅላላው ሠራዊት 752፤ በሌላ ቦታ ግዳጅ ላይ ያለው 456፤ በሰፈሩ የቀረው 296። ከቀሩት ውስጥ 15 የታመሙ፣ 6 የቆሰሉ፣ 10 ዓይናቸውን ያመማቸው፤ ለሥራ ብቁ የሆነው 265። አዛዡ ያቀደው በ752 ሰው አልነበረም፤ በ265 ነው። እናንተም በወረቀት ላይ ባለው ስም ብዛት አታቅዱ። ፈቃድ የሚወጣውን፣ ወቅታዊ ሠራተኛውን፣ ጉልበቱን የሚያመውን አንጋፋ አስጎብኚ ቀንሳችሁ የሚቀረውን ቁጠሩ፤ በዚያ ላይ ተነሥታችሁ የሥራ ሰዓት መድቡ።

በዚሁ ወቅት ሁለት ነገሮች መላክ አለባቸው። አንደኛው የቁፋሮ ፈቃድ ነው። በእንግሊዝ የተመዘገበ ጥንታዊ ቦታ በ1979 በወጣው ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አንድ ካዞላ አፈር እንኳ አይነሣም፤ የአጥር ምሰሶ ለመትከልም ቢሆን። ማመልከቻው ለምን እንደምትቆፍሩ፣ የት እንደምትቆሙና የሚወጣው ነገር ምን ላይ እንደሚያርፍ ይጠይቃል። ከላይ ያለውን በጀት በሐቅ ከሠራችሁት ማመልከቻው ራሱ ተጽፎ አልቋል። ሁለተኛው የበጎ ፈቃደኞች ምዝገባ ነው። ቪንዶላንዳ ውስጥ በየዓመቱ ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ሰዎች በዙር በዙር ይቆፍራሉ፤ ቦታውም ምዝገባው እንደ ተከፈተ ይሞላል። በማስታወቂያችሁ ላይ ሥራው ከባድ፣ ጭቃ የበዛበትና አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ከድንጋይ በቀር ምንም የማይገኝበት መሆኑን በግልጽ ጻፉ። የእውነቱን አውቆ የመጣ ሰው ዝናቡን ታግሦ ይቆያል።

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፦ ውርጭ፣ ግድግዳና መጋዘን

ዲሴምበር ላይ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። የሜዳ ሥራ የሚሠራበት ብርሃን አጭር ስለሆነ ጠዋቱን ለግድግዳ፣ ከሰዓቱን ለመጋዘን መድቡ።

ግድግዳ የሚፈርሰው በአንድ ትልቅ አደጋ አይደለም። ውኃ በአናቱ ይገባል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰፋል፤ ድንጋዩን በትንሹ ይገፋዋል። በነጋታው ይቀልጣል፤ እንደገና ይገባል። ስለዚህ ከትልቅ ውርጭ በኋላ በነጋታው ጠዋት መዞር የግድ ነው። የፎቶግራፍ ማንሻ ነጥቦችን በመሬቱ ላይ ለዘለቄታው ምልክት አድርጉና በየዓመቱ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ሌንስ አንሡ። የአምስት ዓመት ፎቶ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ማንም ያላስተዋለው ማዘንበል ይታያችኋል።

ጥገናውን በኖራ እንጂ በሲሚንቶ አትሥሩ። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ጠንካራና ውኃ የማያሳልፍ ስለሆነ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው መውጣቱ ቀርቶ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ የድንጋዩ ፊት እየተላጠ ይወድቃል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑ ብዙ ጥንታዊ ግድግዳዎች ዛሬ ይህንን ዕዳ እየከፈሉ ነው። ኖራ ደግሞ ቅዝቃዜ አይወድም፤ ከ5 ዲግሪ በታች አይለሰንም። ስለዚህ ክረምቱ የመመርመሪያና የመመዝገቢያ ጊዜ ነው፤ ልስኑ ከኤፕሪል በኋላ ይሁን። የግድግዳውን አናት በሣርማ አፈር መክደን የቆየ፣ ርካሽና ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሣሩ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የሙቀቱን መዋዠቅ ያለዝባል። ጎብኚዎች አንዳንዴ ችላ ያላችሁት ይመስላቸዋል፤ አጠር ያለ ማብራሪያ ሰሌዳ አቁሙና አስረዱ።

ስለ መጠለያ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ለምን ጣሪያ አይሠራበትም? የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት መጠለያዎች ጉዳይ የተከታተለ ሰው መልሱ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ጣሪያ ዝናቡን ያስቀራል፤ ክብደቱን፣ ነፋሱን፣ የመሠረት ቁፋሮውንና የሚያደርቀውን አፈር ግን ይዞ ይመጣል። ከሥሩ እርጥብ ቅርስ ባለበት ቦታ እኔ ጣሪያ አልመርጥም።

አንድ ነገር ስለ ፍልፈል። መሬት የሚቆፍሩ እንስሳት ፈቃድ አይጠይቁም። ከአልስተን ከተማ አጠገብ ኤፒያኩም በሚባለው የሮማውያን ምሽግ ቁፋሮ የተከለከለ ቢሆንም ፍልፈሎች አፈር እየገፉ ስብርባሪዎችን ወደ ላይ ያወጡ ነበር፤ በጎ ፈቃደኞች በፈቃድ የፍልፈሉን ክምር በወንፊት እየነፉ የሸክላ ስባሪና ዶቃ ሰበሰቡ። እናንተም ክረምት ላይ የፍልፈል ክምሮችን በካርታ መዝግቡ፤ ከሥር ምን እየታወከ እንዳለ ይነግራችኋል።

ወደ መጋዘን እንግባ። የስብስብ ቆጠራውን በሁለት አቅጣጫ አድርጉ፦ ከመዝገብ አሥር ቁጥር በዕጣ አውጡና ዕቃው መደርደሪያው ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከዚያ ከመደርደሪያ አሥር ዕቃ አንሡና መዝገብ ውስጥ መኖሩን እዩ። ሁለተኛው ነው ብዙ ጊዜ ጉድ የሚያወጣው።

ብረትና ቆዳ በአንድ አየር አይኖሩም። ከመሬት የወጣ ብረት በውስጡ ጨው ይዟል፤ እርጥበት ካገኘ ከውስጥ ወደ ውጭ እየፈነዳ ይረግፋል። በጥብቅ በሚዘጋ ሣጥን፣ እርጥበት ከሚመጠው ከሲሊካ ጄል ጋር፣ እርጥበቱ በተቻለ መጠን ወደ ታች ወርዶ ይቀመጥ፤ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ መልካም ነው። የታከመ ቆዳና እንጨት ግን በዚያ ድርቀት ይሰነጠቃል፤ ለእርሱ 50 በመቶ አካባቢ ሳይዋዥቅ ይቆይ። ኤግዚቢሽን ላይ ያለ ቆዳና ጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በላይ ብርሃን አይብራበት። ጎብኚው ሲገባ ጨለመብኝ ይላል፤ መግቢያው ላይ ብርሃኑን ቀስ በቀስ ካሳነሳችሁለት ግን ዓይኑ ይለምዳል። በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ደማቅ ሰማያዊ ዱቄት ስታዩ አትደንግጡ፤ አየር በሌለው እርጥብ አፈር ውስጥ የሚፈጠር ቪቪያናይት የተባለ ማዕድን ነው። በቪንዶላንዳ ግኝቶች ላይ በብዛት ይታያል። አትፈቅፍቁት፣ ለባለሙያ አሳዩት።

ለብል የሚያጣብቁ ወጥመዶችን በየማዕዘኑ አስቀምጡና በየሦስት ወሩ ቁጠሩ። በብል የተጠረጠረ ደረቅ ጨርቅ ወይም ሱፍ በፕላስቲክ ታሽጎ በ30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሦስት ቀን፣ ወይም በተራ ማቀዝቀዣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሁለት ሳምንት ይቆይ።

ማርች፦ በሩን ከመክፈት በፊት

ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት በፊት መንገዱን በሙሉ በእግር፣ ከዚያ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ከዚያ የሕፃን ጋሪ እየገፋችሁ ዙሩ። መጸዳጃ ቤት፣ ካፌ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን፣ ኢንሹራንስ፤ እነዚህን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፤ አልዘረዝራቸውም። መጓጓዣውን ግን አትርሱ። በግንቡ መስመር በበጋ የሚመላለሰው አውቶቡስ ቁጥሩ 122 ነው፣ ግንቡ የተጀመረበት ዓመት። የመዝጊያ ሰዓታችሁ ከመጨረሻው አውቶቡስ ጋር ካልተናበበ መኪና የሌለው ጎብኚ በዝናብ ሜዳ ላይ ይቀራል።

የመግለጫ ጽሑፎችን የምታድሱት አሁን ነው። በሰው ጀምሩ። "በእንስሳት ቆዳ የተሠራ ጫማ፣ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን" ከማለት ይልቅ የጫማው ባለቤት ልጅ እንደ ነበረ፣ ተረከዙ በየት በኩል እንደ ተበላ፣ ማን እንደ ጠገነው የሚታይ ከሆነ ያንን አስቀድሙ። በምሽግ ውስጥ የሚኖሩት ወንድ ወታደሮች ብቻ ናቸው ይባል የነበረውን ሐሳብ ካናጉት ማስረጃዎች አንዱ እነዚህ የሴቶችና የሕፃናት ጫማዎች ናቸው። አንድ ትንሽ ጫማ ይህን ያህል ሊናገር ይችላል፤ ጽሑፋችሁ አፉን አይያዘው።

ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር፦ ቁፋሮው

ሰኞ ጠዋት አዲስ ቡድን ይመጣል። ከመጀመራቸው በፊት የቴታነስ ክትባት መውሰዳቸውን ጠይቁ። ካዞላ አያያዝን፣ በጉልበት ምንጣፍ ላይ አቀማመጥን፣ የእጅ ጋሪ አገፋፍን አሳዩ። አንድ ሕግ ደጋግማችሁ ንገሩ፦ ያገኛችሁትን አትሳቡ። ግማሹ የሚታይ ነገር ግማሹ ገና መሬት ውስጥ ነው፤ ዙሪያው ይጸዳ፣ ይነሣ ሲባል ይነሣል።

እያንዳንዱ የአፈር ሽፋን የራሱ ቁጥር ይሰጠው፤ ከዚያ የወጣ ሁሉ ያንን ቁጥር ይዞ ይጓዝ። ቁጥሩ ከጠፋ ዕቃው ቆንጆ ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው። በእርጥብ ከረጢት ውስጥ የሚገባ መለያ ውኃ የማያበላሸው ይሁን፤ ሁለት አድርጋችሁ ጻፉ፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እንደ ዕቃው ይለያያል፦

ሸክላ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ በጥላ ይደርቃል፤ ቁጥር ይጻፍበታል። በውስጡ የምግብ ቅሪት የሚመስል ጥቁር ነገር ካለ ግን አይታጠብም።

ብረት አይታጠብም። ከእርጥብ አፈር ነጥሎ ማድረቅና ማሸግ፣ ኤክስሬይ እስኪነሣ ድረስ ዝገቱን አለመንካት። አንዳንድ ጊዜ ዕቃው ያለው ዝገቱ ውስጥ በቀረ ቅርጽ ብቻ ነው።

ቆዳና እንጨት እርጥብ ሆኖ ይወጣል፣ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በውኃ፣ በጨለማ፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ። በኋላ ባለሙያው በሕዋሳቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል በሚባል ሰም መሰል ነገር ይተካዋል፤ ለትልቅ እንጨት ይህ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ከዚያ በበረዶ ማድረቂያ መሣሪያ ይደርቃል።

የሰው አጥንት ከተገኘ ሥራ ይቁም። ሸፍኑ፣ ኃላፊውን ጥሩ። በእንግሊዝ የሰው አፅም ለማንሣት በ1857 በወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዘመኑ የሚያጠራጥር ከሆነ ደግሞ ፖሊስ ይጠራል። በ2010 በቪንዶላንዳ በወታደሮች ማደሪያ ወለል ሥር የተቀበረ ሕፃን አፅም ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ቀን በሜዳው ላይ ዝምታ ይወርዳል። ካሜራችሁን አስቀምጡ፤ ጎብኚዎችንም በአክብሮት አርቁ።

ስለ ቆዳ የምናገረው ከደረሰብኝ ነገር ነው። ሥራ በጀመርኩበት ቦታ አንድ አርብ ማታ ከጉድጓዱ የወጣ የጫማ ሶል በውኃ ሳህን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማቀዝቀዣው ሞልቶ ስለ ነበር ሳህኑን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሰኞ አያለሁ ብዬ። ቅዳሜና እሑድ ፀሐይ ሆነ። ሰኞ ስመጣ ውኃው ተንኖ፣ ሶሉ እንደ ደረቀ የሙዝ ልጣጭ ተጠቅልሎ፣ የሚስማሮቹ ቀዳዳዎች ተዘግተው አገኘሁት። አርብ ማታ የእግሩን ጣቶች አሻራ በጣቴ ዳስሼ ነበር፤ አምስቱም በየቦታቸው ነበሩ። ከእኔ በኋላ ያንን አሻራ ማንም አይዳስሰውም። ማቀዝቀዣው ከሞላ ቁፋሮው ይቁም የምለው ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ነው። ማስጠንቀቂያውን በበሩ ላይ ለጥፉት፤ ኃላፊውም ጭምር ይታዘዘው።

ቀለም ያለበት እንጨት የሚመስል ነገር ስታገኙ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያ ሲታይ ከተራ ፍቅፋቂ አይለይም፤ ውፍረቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆኖ ይጣበቃል፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የማሠሪያ ጎድጎድ ሊኖረው ይችላል። ላላቅቀው የሚለውን ጉጉት ግቱ። ከነአፈሩ ቁረጡና አንሡት፤ ከጉድጓዱ በተገኘ ውኃ አርጥባችሁ ብርሃን በማያስገባ ሣጥን ውስጥ አኑሩ፤ ሽፋኑንና ቦታውን መዝግቡ፤ በዚያው ሰዓት ለባለሙያው ደውሉ። መክፈቱ ባለሙያው በተገኘበት ቤተ ሙከራ፣ ካሜራው ተዘጋጅቶ ይሁን።

እንዲህም ሆኖ ሜዳውን ከጎብኚ አትከልሉ። ገመድ ዘርጉ፤ ከገመዱ ወዲያ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት አንድ ሰው ቆሞ ዛሬ የተገኘውንና ያልተገኘውን ይናገር። ጁን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ስለሆነ ቀኑ ረጅም ነው፤ ቆፋሪዎቹን ግን አታድክሙ፤ የደከመ እጅ ይሰብራል።

ከሜይ እስከ ጁላይ የትምህርት ቤት ልጆች ይጎርፋሉ። የሮማ ግዛትና በብሪታንያ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች የሚማሩት ነው። ስለዚህ ቦታ ማስያዣውን ለመምህራኑ ከክረምቱ በፊት ክፈቱ። ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ሰዓት በአንድ ክፍል አታስገቡ። ልጆቹ እጃቸው ላይ የሚይዙት ነገር ይስጧቸው፤ በቪንዶላንዳ በ1970ዎቹ በእንጨትና በድንጋይ ተመስለው የተሠሩት የግንብ ክፍሎች ልጅ የሚወጣባቸው ናቸው፤ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በእግሩ ያውቀዋል። በየትኛውም ቋንቋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህንን አይረሳም። ምሽጉን ይጠብቁ የነበሩትም ከአሁኗ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ አካባቢ የመጡ፣ በባዕድ አገር ብርድ ላይ የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ ሎንደን ወይም ሊድስ የተወለዱ የአገራችን ልጆች ይህንን ሲሰሙ ቀና ብለው ሲያዳምጡ አይቻለሁ።

ሴፕቴምበር፦ መዝጊያው

ከቪንዶላንዳ ጽሑፎች ሁሉ ለእኔ የሚቀርበው ክላውዲያ ሴቬራ የተባለች ሴት ለሱልፒሲያ ሌፒዲና የላከችው የልደት ጥሪ ነው። በ100 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው። ሌፒዲና የምሽጉ አዛዥ የፍላቪየስ ሴሪያሊስ ሚስት ነበረች። ደብዳቤውን የጻፈው ጸሐፊ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ጥቂት መስመሮች ግን በሴቬራ በራሷ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ በሴት እጅ ተጽፈው ከሚታወቁ ጥንታዊ የላቲን ጽሑፎች መካከል ይቆጠራሉ። ዋናው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የጠራቻት ለሴፕቴምበር 11 ነው። እኛ እንቁጣጣሽ የምንልበት ቀን!

ይህንን ቀን በዓመት መርሐ ግብራችሁ ውስጥ አስገቡት። ከሰዓት በኋላ ጎብኚዎችን፣ ቆፋሪዎችንና የካፌ ሠራተኞችን ሰብስባችሁ ደብዳቤውን በጉድጓዱ አጠገብ አንብቡ። ብዙ ወጪ የለውም፤ ሻይና ዳቦ ይበቃል። የዓመቱን ሥራ የሠሩት ሰዎች ለምን ጭቃ ውስጥ እንደ ከረሙ የሚሰሙት ያኔ ነው።

ከዚያ ጉድጓዱን መዝጋት። መጀመሪያ የመጨረሻው ፎቶና ልኬት ይወሰድ፤ የድሮን ምስልም ካላችሁ አሁን። ያልተቆፈረውን እርጥብ ሽፋን ፊቱ ሳይደርቅ አርጥቡ። ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ አልብሱት፤ ጨርቁ ለሚቀጥለው ቆፋሪ እዚህ ቆምን የሚል ምልክት ነው። ከላዩ የወጣውን ያንኑ አፈር በወጣበት ቅደም ተከተል መልሱ፤ ሸክላው ከታች፣ ሣርማው ከላይ፤ በየሽፋኑ በእግር እየረገጣችሁ አጥብቁ፣ በከባድ ማሽን ግን አትደምድሙ። ሣሩን ቆርጣችሁ ያኖራችሁት ካለ በመጨረሻ ይነጠፍ።

አፈሩ ከመመለሱ በፊት የቆየ ልማድ አለ፤ አትዝለሉት። ከጨርቁ ሥር የዘንድሮ ዓመት የተጻፈበት አንድ ሳንቲም አኑሩ። የሚመጣው ቆፋሪ ማን መቼ እንደ ቆመ ከእርሱ ያውቃል። ከዚያ ወደ መለኪያ ቧንቧዎቹ ሄዳችሁ የወሩን የውኃ ከፍታ መዝግቡ።